የውኃ ውስጥ ስኩተርን ሚዛን ማስተካከል

ጠላቂዎችን በሞተር ኃይል የሚስበው፣ በእጅ የሚያዝ የውኃ ውስጥ ስኩተር ከእጅ ቢለቀቅ ወዴት ይሄዳል? ከከበደ ሰምጦ ይቀራል፤ ከቀለለ ደግሞ የያዘውን ሰው ሽቅብ ይጎትታል። ትንፋሹን ይዞ በፍጥነት የሚወጣ ጠላቂ ሳንባው ሊቀደድ ይችላል። ስለዚህ ስኩተሩ ባለበት እንዲቆም እንፈልጋለን።

አርኪሜደስ እንዳስተማረን፣ ውኃ አንድን አካል ሽቅብ የሚገፋው አካሉ ባስለቀቀው ውኃ ክብደት ልክ ነው። ይዘቱ 20 ሊትር የሆነ ስኩተር እንውሰድ። ጨው በሌለው ሐይቅ ውስጥ 20 ኪሎ ግራም ቢመዝን ሚዛኑን ይጠብቃል። አንድ ሊትር የውቅያኖስ ውኃ ግን 1.025 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ በዚያ 20.5 ኪሎ ግራም መሆን አለበት። የጎደለውን 500 ግራም እርሳስ በተባለው ከባድ ብረት እንሞላለን።

ብዙዎቻችን የምንስተው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ብረቱ ከውጭ ከታሰረ እርሱ ራሱ ውኃ ያስለቅቃልና 550 ግራም ያህል ያስፈልጋል፤ በታሸገው ቀፎ ውስጥ ከገባ ግን 500 ግራሙ ይበቃል። ቦታውም ይታሰብበት፤ ወደ ፊት ካደላ አፍንጫው ይደፋል።

ጠንካራው ቀፎ በጥልቀት ብዛት እምብዛም ስለማይጨመቅ፣ በ5 ሜትር የተስተካከለው ሚዛን በ25 ሜትርም ያው ነው። የጠላቂው የጎማ ልብስ ግን እየተጨመቀ ስለሚሄድ ሰውዬው ራሱ እየከበደ ይወርዳል።