እግርን የሚያራምደው ማን ነው?

ባለፈው የፋሲካ ዋዜማ በቤታችን ዶሮ ሲታረድ ቆሜ እመለከት ነበር። የዶሮዋ ራስ ተቆርጦ ከወደቀ በኋላ ገላዋ ከአራጁ እጅ አመለጠና ክንፎቹን እያርገበገበ፥ እግሮቹንም እያፈራረቀ ጥቂት እርምጃ ያህል ሮጠ። ታናሽ እህቴ ደንግጣ ከኋላዬ ተሸሸገችና፥ «ወንድም ጋሼ፥ ራሷ እዚህ ወድቆ ሳለ ሩጪ ያላት ማን ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። እኔም «ነፍሷ ገና ስላልወጣ ነው» ብዬ አለፍኋት፤ ነገር ግን መልሱ ለራሴም አልጣመኝም። ስለዚህ የባዮሎጂ መምህራችንን ጠየቅሁ፤ መጻሕፍትንም አገላበጥሁ። ያገኘሁትንም ለውድ አንባቢያን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

ብዙዎቻችን አንጎል ጌታ ነው፥ እጅና እግር ግን ትእዛዙን ብቻ የሚጠብቁ አሽከሮች ናቸው ብለን እናስባለን። ነገር ግን ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ስንመጣ ጓደኛችንን እያጫወትን እንራመዳለን እንጂ፥ «አሁን ቀኙን አንሣ፥ አሁን ግራውን አሳርፍ» እያልን አንቆጥርም። ታዲያ ይህን ቈጠራ ማን ይቈጥርልናል? መልሱ የሚገኘው በሕብለ ሰረሰር ውስጥ ነው።

ሕብለ ሰረሰር ማለት በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ባለው ቦይ ውስጥ የሚወርድ የነርቭ ገመድ ነው። ርዝመቱ በጎልማሳ ሰው 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፥ ውፍረቱ ከትንሽ ጣት አይበልጥም። ከእርሱም 31 ጥንድ ነርቮች ወደ ልዩ ልዩ አካላት ይወጣሉ። ቀድሞ ብዙ ሰዎች ይህን ገመድ መልእክት ከማመላለስ በቀር ሌላ ሥራ እንደሌለው የስልክ ሽቦ ይቈጥሩት ነበር። አረማመድንም በሚመለከት፥ እግር መሬት ሲነካ የሚሰማው ስሜት ቀጣዩን እርምጃ ያስነሣል፥ ያም ሌላውን ያስነሣል የሚል አሳብ ነበረ።

ቶማስ ግራሃም ብራውን የተባለ ስኮትላንዳዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1911 ይህን አሳብ ፈተነው። ሕመም እንዳይሰማት መድኃኒት በተሰጣት ድመት ላይ ከአንጎል ወደ ታች የሚወርደውን መንገድ ቈረጠ፤ ከኋላ እግሮቿ ስሜት የሚያመጡትንም ነርቮች ቈረጠ። እንግዲህ ሕብለ ሰረሰሩ ከላይ ትእዛዝ፥ ከታች ወሬ የማይደርሰው ሆነ ማለት ነው። ይሁን እንጂ የእግሯ ጡንቻዎች እንደሚራመድ እንስሳ ጡንቻ በየተራ ሲኮማተሩና ሲላሉ ታዩ። የእርምጃው ምት የሚፈጠረው በሕብለ ሰረሰር ውስጥ ባሉ ሕዋሳት መሆኑ በዚህ ተገለጠ።

ሕዋሳቱ ይህን ምት እንዴት ያወጡታል? ሁለት ሴቶች በአንድ ሙቀጫ ሲወቅጡ አንደኛዋ ዘነዘናዋን ስታነሣ ሁለተኛዋ ትጥላለች፤ ካልተፈራረቁ ዘነዘናው ይጋጫል። በሕብለ ሰረሰርም ውስጥ እግርን የሚያጥፈውን ጡንቻ የሚያዝዙ ሕዋሳት አሉ፤ የሚዘረጋውን የሚያዝዙም ሌሎች አሉ። ግራሃም ብራውን እንዳስረዳው፥ አንደኛው ወገን ሲሠራ ሁለተኛውን ዝም ያሰኘዋል። ነገር ግን ጥቂት እንደ ሠራ ይደክማል፤ በዚህ ጊዜ ሁለተኛው ወገን ነጻ ይወጣና በተራው የመጀመሪያውን ዝም ያሰኛል። በዘመናችን ያሉ ሊቃውንት ደግሞ ነገሩ ከዚህ ይልቅ የተወሳሰበ መሆኑን አግኝተዋል። ምቱን የሚያስነሡ፥ ምቱን ለጡንቻ የሚያካፍሉ፥ ግራና ቀኝን የሚያስማሙ ልዩ ልዩ ሕዋሳት አሉ። በስዊድን አገር ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት፥ ግራና ቀኝን የሚያስማሙት ሕዋሳት እንዳይኖሩአቸው የተደረጉ አይጦች እግሮቻቸውን ማፈራረቅ ትተው ሁለቱን ባንድነት እያነሡ እንደ ጥንቸል ዘለሉ።

ታዲያ አንጎል ሥራ የለውም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 የሞስኮ ሊቃውንት በአንድ ድመት አንጎል ግንድ ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ኃይል ቢያሳርፉ፥ ድመቲቱ በሚሽከረከር ሰሌዳ ላይ መራመድ ጀመረች፤ ኃይሉን ሲጨምሩ ሶመሶመች፤ ከዚያም በላይ ሲጨምሩ ጋለበች። እንግዲህ አንጎል «ሂድ፥ ፍጠን፥ ቁም፥ ወዲህ ታጠፍ» ይላል፤ ሚዛናችንንም ይጠብቃል። ዝርዝሩን ግን ሕብለ ሰረሰር ይፈጽመዋል። ከእግር የሚመጣውም ስሜት ድንጋይ ሲያደናቅፈን ምቱን ያስተካክላል። ዶሮዋም አንገቷ ሲቈረጥ ከላይ የሚገታቸው ስለ ጠፋ፥ እነዚህ ሕዋሳት ለጥቂት ጊዜ በራሳቸው ሠሩ ማለት ነው። ይህን ለታናሽ እህቴ ባስረዳኋት ጊዜ፥ «እንግዲያውስ ሩጪ ያላት ጀርባዋ ነዋ!» አለች፤ እኔም አላረምኋትም።

ነገሩ ግን ከዶሮ የበለጠ ጕዳይ አለው። አበበ ቢቂላ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ከተማ በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ ሮጦ ድል ማድረጉን የማያውቅ የለም። ያ ጀግና በመጋቢት ወር 1961 ዓ.ም. መኪናው ተገልብጦ ሕብለ ሰረሰሩ ተጐዳ፤ ከዚያም ወዲያ በእግሩ አልሄደም። ቢሆንም ተስፋ ሳይቈርጥ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ።

በዚህ ዓይነት ጕዳት ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ከአንጎል የሚወርደው የመልእክት መንገድ ነው። ከጕዳቱ በታች በወገብ አካባቢ ያሉት ሕዋሳት ግን በሕይወት ይኖራሉ፤ ትእዛዝ የሚያደርስላቸው አጥተው ዝም ይላሉ እንጂ አይሞቱም። ይህን በመረዳት እ.ኤ.አ. በ2018 በስዊስ አገር በሎዛን ከተማ፥ ከ4 ዓመት በላይ በዚህ ጕዳት የኖሩ 3 ሰዎች በሕብለ ሰረሰራቸው ላይ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ መሣሪያ ተደረገላቸው። ከብዙ ልምምድም በኋላ በድጋፍ ለመራመድ ቻሉ። የእነዚህ ሰዎች ሕብለ ሰረሰር ጨርሶ የተበጠሰ አልነበረም፤ ደግሞም የሰው አረማመድ ከድመት ይልቅ አንጎልን ይፈልጋል። ስለዚህ ፈውሱ ገና ሙሉ አይደለም፤ መንገዱ ግን ተከፍቷል።

እስከዚያው ድረስ ከእኛ የሚጠበቅ አንድ ነገር አለ። በመኪና አደጋ ወይም ከከፍታ ወድቆ ጀርባውን ወይም አንገቱን የተጐዳ ሰው ስናገኝ፥ ለመርዳት ቸኩለን በእጅና በእግሩ አንጠልጥለን አናንሣው። አጥንቱ ቢሰበር ይጠገናል፤ በውስጡ ያለው ገመድ ግን በአያያዛችን ከተበጠሰ የሚቀጥለው የለም። ሌላ አደጋ የማያሰጋው ከሆነ፥ አንገቱና ጀርባው ሳይታጠፍ ባለበት እንዲቈይ አድርገን የሚያውቁ ሰዎችን እንጥራ። እነዚያ ሕዋሳት ቀን ከሌት ሳይታዘዙ ያገለግሉናልና፥ እኛም መንገዳቸውን እንጠብቅላቸው።