ዋይፋይ መኝታ ቤት ሲደርስ ለምን ይደክማል?

ድሬዳዋ አጠገብ ባለችው ሐርላ ውስጥ በድንጋይ ግድግዳና በቆርቆሮ ጣሪያ ለተሠራ ቤት ራውተር ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ።

በሲም ካርድ የሚሠራ ራውተር ሁለት ሲግናል አለው፤ አንዱ ከኔትወርክ ማማው ወደ ራውተሩ፣ ሌላው ከራውተሩ ወደ ስልካችሁ። መጀመሪያ እነሱን ለዩ። ራውተሩ አጠገብ ቆማችሁም ቪዲዮ የሚቆራረጥ ከሆነ፣ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ በሚመጣው በኩል ነው። እዚያ ፈጥኖ መኝታ ቤት ከጠፋ ግን ችግሩ የዋይፋዩ ነው፤ የካርድ ገንዘባችሁን ለትልቅ ጥቅል አታባክኑ።

ከውጭ ለሚመጣው፦ ቆርቆሮ ሲግናል ይመልሳል፣ ወፍራም ድንጋይም ያዳክማል። ራውተሩን ወደ ማማው በሚያይ መስኮት፣ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። መስኮቱ የብረት ከሆነ ተከፍቶም ተዘግቶም ሞክሩት፤ ልዩነቱ ያስገርማል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎቱን የጀመረው ከድሬዳዋ፣ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የእሱንም የኢትዮ ቴሌኮምንም ሲም እዚያው መስኮት ላይ በስልክ ፈትሻችሁ ወስኑ።

ለቤት ውስጡ፦ የዋይፋዩ 5 ጊጋኸርዝ ሞገድ ፈጣን ነው፣ ግድግዳ ግን ቶሎ ያሸንፈዋል። ለሩቁ ክፍል 2.4 ጊጋኸርዝ ይሻላል። ራውተሩን ከቴሌቪዥን ጀርባና ከፍሪጅ ላይ አንሱት። ቁምሳጥን ውስጥም አትዝጉበት፤ በድሬ ሙቀት ይግላል።

መስኮቱ ከመኝታ ቤት ከራቀ፣ ከራውተሩ የኔትወርክ ገመድ ስባችሁ በክፍሉ በር አጠገብ ሁለተኛ ራውተር ትከሉ። እኔ ከገመድ አልባ ማራዘሚያ ይልቅ ይህን እመርጣለሁ፤ ማራዘሚያው የደከመውን ሲግናል ተቀብሎ ያንኑ ነው የሚያስተላልፈው።