ስብሰባው ትናንት ማታ አልቋል

ጠጋ በሉማ። ድምፄን ዝቅ የማደርገው የምፈራው ኖሮ አይደለም። ይህ ወሬ ጮክ ብለው ሲያወሩት አይጥምም።

የሱዳኗ ገዳሪፍ ገበያ ዳር፣ ከሰሊጥ መጋዘኖቹ ጥግ፣ ሐበሻ ሴት ቡና የምታፈላበት ራኩባ፣ የሣር ዳስ፣ አይታጣም። አንዱ የኔ ነው። አላፊ አግዳሚው የሚያየው ጀበናውን፣ ረከቦቱንና የዕጣኑን ጭስ ነው። እኔ የማየው ማን ከማን ጎን እንደተቀመጠ ነው። ጥግ ላይ በወጣትነቱ የኢሕአፓ የነበረ ሰው አለ። ከጎኑ በ1969 ደርግን የሚዋጋው ኢዲዩ ሑመራንና መተማን ሲይዝም ሲለቅም አብሮት የነበረ ሽማግሌ። ፊት ለፊታቸው በ1983 ጦሩ ሲበተን ድንበር ተሻግሮ እዚሁ የቀረ የደርግ መቶ አለቃ። ያኔ ቢገናኙ ይተላለቁ ነበር። ዛሬ ስኳር ይቀባበላሉ።

ስማቸውን አልነግራችሁም። የሚከራከሩበትን ግን እነግራችኋለሁ።

አቦሉ ላይ ወሬው የሰሊጥ ዋጋ ነው። ቶናው ላይ ልጆች። በረካው ላይ ሲደርሱ አንዱ ያችን የማታረጅ ጥያቄ ይወረውራታል፦ «እንዲያው ለመሆኑ የኢሠፓ ዘመን ዴሞክራሲ ነበር ወይስ አምባገነንነት?» መቶ አለቃው ቀና ይላል። «መሬት ለጭሰኛው የሰጠ መንግሥት እንዴት አምባገነን ይባላል?» ኢሕአፓው ይስቃል። «መሬቱን ሰጥቶ አፉን የወሰደስ?» ሽማግሌው ዕጣን እንድጨምር በእጁ ያመለክተኛል።

እጨምራለሁ። ዝም ብዬ። ግን በዚህ ጉዳይ ከሦስቱም የተሻለ የማውቀው እኔ ነኝ። እነሱ ተዋጉ፤ እኔ ቃለ ጉባኤ ያዝኩ።

አዎ፣ ከመሻገሬ በፊት ጎንደር ውስጥ የአንድ ቀበሌ ጸሐፊ ነበርኩ። የቀበሌውን ቁጥር አትጠይቁኝ። እንግዲህ የመጀመሪያውን ምስጢር እንካችሁ፦ እሑድ ጠዋት አዳራሽ ውስጥ የሚደረገው ስብሰባ የሚያልቀው ቅዳሜ ማታ ነው።

ከላይ የመጣው ካድሬ ከሊቀ መንበሩ ጋር ይቀመጣል። አጀንዳው በኪሱ ነው። ከዚያ ተናጋሪ ይመደባል። ከሴቶች ማኅበሩ ከአኢሴማ አንዷ፣ ከወጣቶች ማኅበሩ ከአኢወማ አንዱ፣ ለግርማው ደግሞ አንድ ሽማግሌ። አሁን ጥሩዋ መጣች፤ ተቃዋሚም ይመደባል! «ገንቢ ሂስ» አቅራቢ ይባላል። «ጓድ ሊቀ መንበር፣ የቦኖው ውኃ ቶሎ ቶሎ ይቋረጣል፤ የቀበሌው ሱቅ ሳሙና አንሶታል።» ይመዘገባል፣ ይመሰገናል። ሂሱ ቦኖው ጋ ይቆማል። ከቦኖው በላይ አይወጣም።

እኔስ? እኔ በዚያ ሰዓት የአቋም መግለጫውን ስቴንስል ላይ እተይባለሁ። «ተሰብሳቢው በከፍተኛ ጭብጨባና በሙሉ ድምፅ ተቀብሎታል።» ተሰብሳቢው ገና ቤቱ ራቱን እየበላ ነው።

ይህ አሠራር ስም ነበረው፤ ዴሞክራሲያዊ ማዕከላዊነት። ወረቀት ላይ ያምራል። ከታች እስከ ላይ በነፃነት ተወያዩ፤ ብዙኃኑ ከወሰነ በኋላ አናሳው እሺ ብሎ ይሥራ። የተቀዳው ከሌኒን ፓርቲ ነው። ያው ፓርቲ እ.ኤ.አ. በ1921 ባካሄደው አሥረኛ ጉባኤው አባላቱ በውስጡ ቡድን እንዳይፈጥሩ ከለከለ። ገባችሁ? ተወያይ፤ ግን ከሌላ ሰው ጋር ተስማምተህ እንዳትመጣ። ብቻውን የቆመ ሰው ደግሞ መቼ አሸንፎ ያውቃል?

ሁለተኛው ምስጢር ያን ዘመን ያላዩትን ያስገርማል። አምባገነን ሕዝቡን ዝም የሚያሰኝ ይመስላችኋል አይደል? ኧረ ያስለፈልፈዋል! እንደዚያ ዘመን የተሰበሰብንበት፣ የተሰለፍንበት፣ ግራ እጃችንን አንሥተን የፈከርንበት ጊዜ የለም። ዝም ማለት ነበር የሚያስጠረጥረው። እምቢ ማለትማ በሕግ አልተከለከለም። ስኳሩ፣ ዘይቱና ሳሙናው ግን በቀበሌው ሱቅ ነው። ቀብር ለመሄድ ከከተማ መውጣት ብትፈልጉ የይለፍ ወረቀቱ በቀበሌው ማኅተም ነው። ማኅተሙ ደግሞ የእኔ መሳቢያ ውስጥ ነበር። የስም መቆጣጠሪያውም እንዲሁ። እሑድ የቀረ ሰው ሰኞ ወረቀት ሲፈልግ ሊቀ መንበሩ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ምን ይመስላችኋል?

አሁን መቶ አለቃውን እንዳልበድለው። የሚለው ሁሉ ውሸት አይደለም። የየካቲት 25, 1967ቱ አዋጅ የገጠሩን መሬት ከባላባቱ እጅ አወጣ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቀበሌን ወለደ፤ አነስተኛ ኪራይ የሚከፍለውም ኪራይ ተቀነሰለት። በ1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከዩኔስኮ ሽልማት አግኝቷል፤ ፊደል ቆጥረው ስማቸውን የጻፉ አሮጊቶችን በዓይኔ አይቻለሁ። የመጀመሪያዎቹ የቀበሌ ምርጫዎችም ቢሆኑ የምር ምርጫ ይሸቱ ነበር። ሰዉ የዕድሩን ዳኛ፣ የሰፈሩን አስተማሪ መረጠ።

ችግሩ እዚያው ላይ ነው። ሰዉ የምር ሲመርጥ ያልተፈለገ ሰው ይመረጣል። ኢሕአፓም ተቀናቃኙ መኢሶንም በየቀበሌው ሰው አስገቡ። ምርጫው እንደገና ተካሄደ። ከዚያ ቀበሌ ጠመንጃ ታጠቀ። የ1969ና የ1970 ነገር መጣ፤ ቀይ ሽብር። እዚህ ላይ ቀልዴን አቆማለሁ። በዚያ ጊዜ ቀበሌ ማሰሪያም መግደያም ሆኖ ነበር፤ ገዳሪፍን የሐበሻ ከተማ ካደረጓት አንዱ ያ ነው።

ወደ ላይ እንውጣ? ላይኛው ቤት ደግሞ ሌላ ጉድ አለ።

በአሥረኛው የአብዮት በዓል ዋዜማ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ፣ ኢሠፓ፣ ተመሠረተ። አዲስ አበባ በቀይ ጨርቅ አሸበረቀች፤ ወሎና ትግራይ ላይ ረሀብ ገብቶ ነበር። የሠራተኞች ፓርቲ ነው፤ ስሙ ላይ ተጽፏል። የፖሊት ቢሮው አባላት 11 ነበሩ። ከነዚህ ስንቱ የደርግ ሰው ይመስላችኋል? 7ቱ። ሠራተኛው የት ሄደ አትበሉኝ፤ ሠራተኛው ሰልፍ ላይ ነበር።

እና አሁን የምወዳት ታሪክ። ሰኔ 1978 የአዲሱ ሕገ መንግሥት ረቂቅ ለውይይት ወረደ። 343 አባላት ያሉት ኮሚሽን ያዘጋጀው ነው። አንድ ሚሊዮን ቅጂ ታትሞ በየቀበሌውና በየገበሬ ማኅበሩ ተበተነ። መንግሥት ከግማሽ ሚሊዮን በላይ የማሻሻያ ሐሳብ መጣልኝ አለ። እንዲህ ዓይነት ውይይት የትኛው ዴሞክራሲ ያደርጋል? ሕዝቡም ተከራከረ፣ የምር ተከራከረ! በየትኛው አንቀጽ መሰላችሁ? ከአንድ ሚስት በላይ ማግባትን በሚከለክለው። በተለይ ሙስሊሞቹ አጥብቀው ተቃወሙ። ባል ስንት ሚስት ይኑረው የሚለው ላይ አፋችሁ እስኪደርቅ ተከራከሩ ተባልን። አገር ስንት ፓርቲ ይኑራት የሚለው ግን ለክርክር አልቀረበም። ኮሚሽኑ በመጨረሻ 95 ማሻሻያ ተቀበለ፤ አብዛኛው የቃላት ማሳመሪያ ነው።

ጥር 24, 1979 ሕዝበ ውሳኔ ሆነ። ሽማግሌ ተልኮ፣ ጥሎሽ ተቆጥሮ፣ ድግሱ ከተደገሰ በኋላ ሙሽራዋን «ፈቃድሽ ነው?» እንደማለት ነበር። ከ14 ሚሊዮን ገደማ መራጭ 96 በመቶው ወጣ ተባለ፤ 81 በመቶው ደገፈ፣ 18 በመቶው ተቃወመ። በሰኔው ምርጫ 835 የሸንጎ አባላት ተመረጡ። ለአንድ ወንበር እስከ ሦስት ዕጩ ይቀርብ ነበር። አዎ፣ ሦስት! ሦስቱም ግን ያለፉት በፓርቲውና በማኅበራቱ ወንፊት ነው። እኔ የማውቀው ይህን ነው፦ ድምፅ የሚሰጠው ኮሮጆው ላይ አይደለም፤ ዕጩ ሲጠቆም ነው። የዕጩ ዝርዝር የያዘ ሰው ኮሮጆውን ቢሰጣችሁ አይከፋውም።

ያቺ 81 በመቶ ግን የመቶ አለቃው ኩራት ናት። «ቢያንስ እኛ 18 በመቶ እምቢታ መዝግበናል» ይላል። እውነቱን ነው! የጎረቤታችንን ልንገራችሁ። የሱዳኑን መሪ ጃፋር ኒሜሪን ሐምሌ 1963 ኮሚኒስት መኮንኖች ለሦስት ቀን ሥልጣኑን ነጥቀውት ነበር። ሲመለስ የሱዳን ኮሚኒስት ፓርቲ መሪውን አብደል ኻሊቅ ማሕጁብን ሰቀለ። ከዚያ እሱም በተራው አንድ ፓርቲ ብቻ ፈቀደ፤ የሱዳን ሶሻሊስት ኅብረት። በ1964 መባቻ ሕዝቡ «ይምራን» ብሎ 98.6 በመቶ ድምፅ ሰጠው ተባለ። እኛ እንግዲህ ከአንድ ፓርቲ ሸሽተን የመጣነው ወደዚህ ነው። ከድጡ ወደ ማጡ። የሱዳን ኮሚኒስቶች ተሰቀሉ፤ ሶቭየቶች ገዳሪፍ ላይ የሠሩት ትልቁ የማሽላ ጎተራ ግን አልተሰቀለም። እህል ርዕዮተ ዓለም የለውም።

ጠጋ በሉ፣ አልጨረስኩም። ደርግን ሊጥሉ የተነሡትስ? በ1977ቱ ረሀብ የዕርዳታ እህል የጫኑ መኪኖች በሌሊት ከሱዳን ወደ ትግራይ ይሻገሩ ነበር። በሕወሓት ይዞታ ሕዝቡ ባይቶ የሚባል ሸንጎ ይመርጣል፤ በመሬትና በዳኝነት ጉዳይ የሚወስን የእውነት ሸንጎ። ከግንባሩ ውስጥ ደግሞ በዚያው ዓመት ሐምሌ ሌላ ድርጅት ተመሠረተ፤ የትግራይ ማርክሳዊ ሌኒናዊ ሊግ፣ ማሌሊት። ፓርቲ በግንባር ውስጥ። ባይቶው ስለ ማሳ ይነጋገራል፣ ማሌሊት ስለ መስመሩ። ኅዳር 1982 የሕወሓቱ መለስ ዜናዊ ለእንግሊዝ ጋዜጣ ሲናገር ለሶሻሊዝም ቀረብ ያለች አገር ብሎ የጠቀሳት አልባኒያን ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ የካቲት 1982፣ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ማርክሲዝምን ተወ፤ ኢሠፓም ስሙን «የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ አንድነት ፓርቲ» አለው። ስም መቀየሪያው ጊዜ አልፎ ነበር።

ኢሕአፓውስ? ልሳኑን «ዴሞክራሲያ» ብሎ የሰየመ ድርጅት ነው። በድርጅቱ ውስጥ «አንጃ» የተባሉት ምን እንደደረሰባቸው ጠይቁት እስቲ። ያን ቀን ቡናው ይመርረዋል።

ደርግ ወደቀ፣ ብዙ ፓርቲ ተፈቀደ። በ2002 ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 የምክር ቤት ወንበር 545ቱን ወሰዱ። በ2007 ሁሉንም። ልብ በሉ፤ በአንድ ፓርቲ ዘመን 81 በመቶ፣ በብዙ ፓርቲ ዘመን መቶ በመቶ! መቶ አለቃው ይህን ሲሰማ በርጩማው እስኪነቃነቅ ይስቃል። ቻይናም እኮ ከኮሚኒስት ፓርቲው ሌላ ስምንት ሕጋዊ ፓርቲዎች አሏት፤ ሁሉም መሪነቱን ተቀብለው። የፓርቲ ብዛት አያታልላችሁ።

እንግዲህ ፍርዴን ልናገር። አንድ ፓርቲ ያለው የኮሚኒስት አገዛዝ ሕዝቡን ሊያነጋግር፣ ፊደል ሊያስቆጥር፣ መሬት ሊሰጥ ይችላል። ስለ ቦኖው፣ ስለ ሳሙናው፣ ስለ ሚስት ቁጥር ድምፅ አለው። «ማን ይግዛ?» የምትለዋ ግን አጀንዳ ውስጥ ገብታ አታውቅም። እሷ ካልገባች አምባገነንነት ነው፤ ስብሰባው ስለበዛ ዴሞክራሲ አይሆንም። ማስረጃ ትፈልጋላችሁ? መንግሥቱ የወረደው በጠመንጃ ነው። ኒሜሪን መጋቢት 1977 መንገድ የወጣ ሕዝብና ጦሩ አወረዱት። ሌላውን የሱዳን ገዢ ኦማር አል በሽርንም ያወረደው ታኅሣሥ 2011 የተጀመረው ተቃውሞ ነው፤ አትባራ በተነሣች ማግስት ገዳሪፍ ተነሣች። ከሦስቱ በድምፅ ቆጠራ ተሸንፎ የወረደ አንድም የለም።

ስለዚህ የትኛውም መንግሥት «ሕዝባዊ ነኝ» ሲላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁት። የዕጩዎቹን ዝርዝር ማን ጻፈው? እምቢ ያለው ሰው ያን ሌሊት የት አደረ? ወንበር ላይ ያለው በድምፅ ተሸንፎ ወደ ቤቱ የሄደበት ቀን መቼ ነው? ሦስቱንም ሳይመልስ ዴሞክራሲ ነው የሚላችሁ ሰው ወይ ካድሬ ነው፣ ወይ ቅዳሜ ማታ መግለጫ ተይቦ አያውቅም።