ቅርጹ አለቀ፣ ቀለሙ ቀረ፦ የድሮ ተዋጊ አውሮፕላኖችን አምሳያ የመሥራት ጥበብ ዳሰሳ

በ1940 የእንግሊዝን ሰማይ ሲጠብቅ የከረመው ስፒትፋየር ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 11 ሜትር ከ23 ሳንቲ ሜትር ነበር። ይህን ለ72 ሲያካፍሉት 15.6 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። በዚህ መጠን ከፕላስቲክ ተሠርቶ፣ በሙጫ ተገጣጥሞ፣ ቀለም ተቀብቶ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጠው አውሮፕላን ለማያውቀው ሰው የልጅ መጫወቻ ነው። ለሚያውቀው ግን አንድ የተወሰነ አውሮፕላን፣ በአንድ የተወሰነ አብራሪ እጅ፣ በአንድ የተወሰነ ወር ምን ይመስል እንደነበር የቀረበ ማስረጃ ነው፤ ማስረጃ ደግሞ ተከራካሪ አያጣም። ለብዙ አሥርት ዓመታት ክርክሩ በቅርጹ ላይ ነበር። የቅርጹን ነገር ዛሬ ኮምፒውተር ገላግሎታል ማለት ይቻላል። አሁን ሠሪውን እንቅልፍ የሚነሳው ቀለም ነው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

72 የሚለው ቁጥር የእንግሊዞች ልማድ ነው። በኢንችና በጫማ ይለኩ ስለነበር አንዷን ኢንች ለስድስት ጫማ አደረጓት፤ ስድስት ጫማ 72 ኢንች ነውና። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ስካይበርድስ የተባሉት የእንጨት አምሳያዎች በዚህ ልኬት ወጡ። በ1936 ደግሞ ፍሮግ የተባለው የንግድ ስም ፔንግዊን ብሎ የሰየማቸውን የፕላስቲክ መገጣጠሚያዎች ለገበያ አቀረበ። ፍሮግ በእውነት የሚበሩ ትንንሽ አውሮፕላኖችም ይሸጥ ስለነበር የማይበሩትን በማይበር ወፍ ስም መጥራቱ ሳያዝናናው አልቀረም። ያ ፕላስቲክ ሴሉሎስ አሲቴት ነበር፤ ዕድሜ ሲጫነው ይጣመማል። ዛሬ በሰብሳቢዎች እጅ ያለ ፔንግዊን ክንፉ ጎብጦ ቢታይ ጥፋቱ የገጣጣሚው አይደለም።

ጦርነቱ ሲመጣ የልጅ ሥራ የነበረው የአገር ሥራ ሆነ። በጃንዋሪ 1942 የአሜሪካ ባሕር ኃይል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ግማሽ ሚሊዮን የእንጨት አምሳያ እንዲሠሩለት ጠየቀ። ዓላማው መርከበኞችና አየር መቃወሚያ ተኳሾች የወዳጅን አውሮፕላን ከጠላት መለየት እንዲማሩ ነበር። ልኬቱ 72፣ ቀለሙ ጥቁር ብቻ። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ አሥር ሜትር ርቆ የሚታይ አምሳያ በ720 ሜትር ርቀት ላይ ያለ እውነተኛ አውሮፕላን ያህል ሆኖ ይታያል፤ በዚያ ርቀት ሰማዩን ተደግፎ የሚመጣ ነገር ጥላው እንጂ ቀለሙ አይለይም። ስለዚህ የተማሪው ክንፍ በመመዘኛ እየተለካ ይፈተሽ ነበር፤ ስለ ቀለሙ የሚጠይቅ አልነበረም።

ከ72 ሌላ የሚዘወተሩት ልኬቶች 48፣ 32 እና 24 ናቸው። 48 አሜሪካውያን ሩብ ኢንችን ለአንድ ጫማ ሲያደርጉ የመጣ ነው። 24 ሰፊ ጠረጴዛ፣ ሰፊ ትዕግሥትና አስተዋይ የትዳር ጓደኛ ይፈልጋል።

ነገሩን ወደ ሕዝቡ ያወረደው ኤርፊክስ ነው። ኒኮላስ ኮቭ የተባለ ሃንጋሪያዊ ስደተኛ በ1939 ያቋቋመው ይህ የእንግሊዝ ኩባንያ በአየር የሚነፉ የጎማ መጫወቻዎች ሲሠራ ቆይቶ ወደ ፕላስቲክ ማበጠሪያ ገባ፤ በ1949 ለፈርጉሰን ትራክተር ሻጮች የትራክተሩን አምሳያ ሠራላቸው። በ1952 ጎልደን ሃይንድ የተባለችውን የድሮ መርከብ ተገጣጣሚ አድርጎ፣ በፕላስቲክ ከረጢት ከትቶ፣ በዉልዎርዝ መደብሮች በሁለት ሽልንግ ሸጠ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ስፒትፋየር ተከተለ። ኮቭ ግን «ይኼ አይሸጥም» ብሎ የሞልዱን ወጪ ከሠራተኞቹ ላይ እንደሚቆርጥ ዝቶ ነበር ይባላል። ያ ስፒትፋየር የአሜሪካኑ የኦሮራ ምርት ተቀንሶ የተቀዳ ነበርና ከእውነተኛው ጋር ያለው ዝምድና የሩቅ ነው። ልጆቹ ግን ግድ አልነበራቸውም፤ በኪስ ገንዘብ የሚገዛ ተዋጊ አውሮፕላን ከየት ይገኛል? ከ1964 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል ሮይ ክሮስ የተባለው ሠዓሊ ለካርቶኖቹ የሳላቸው የአየር ላይ ውጊያዎች ከውስጥ ካለው ፕላስቲክ እጅግ ይበልጡ ነበር። ለእኔ የዚያ ዘመን ትልቁ የጥበብ ሥራ የካርቶኑ ክዳን ነው።

ልጆቹ አደጉ፤ በቦታቸው የተተኩት ግን ጥቂት ናቸው። ያደጉት ደመወዝተኛ ሆነው ተመለሱና ልጅ ሳሉ ያላስተዋሉትን ስሕተት መቁጠር ጀመሩ። ኢንዱስትሪው የተከተለው እነሱን ነው። ኤርፊክስ ራሱ በ2006 ተንኮታኩቶ በሆርንቢ እጅ ገባ፤ የጥራቱ ማዕከል ግን ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ነበር። በጃፓን ሺዙኦካ ክፍለ ሀገር ታሚያ፣ ሃሴጋዋ፣ ፉጂሚና አኦሺማ ጎን ለጎን ይሠራሉ። ታሚያ በ1946 የተነሣው እንጨት ቤት ሆኖ ነው፤ የመጀመሪያ የፕላስቲክ ሥራው የ1960ው ያማቶ የጦር መርከብ ነበር። የበርሊን ግንብ በፈረሰበት በ1989 ደግሞ በቼክ ምድር ኤድዋርድ ተመሠረተ፤ በስስ የብረት ሉህ ላይ በአሲድ የሚቀረጹ የአብራሪ ቀበቶዎችና የመቆጣጠሪያ ሰሌዳዎች ስም አወጡለት። ዛሬ ፖላንዶች፣ ዩክሬናውያንና ቻይናውያንም ከጃፓኖቹ እኩል ይፎካከራሉ።

አሠራሩ በመሠረቱ አልተለወጠም፤ የቀለጠ ፖሊስታይሪን በብረት ሞልድ ውስጥ በግፊት ገብቶ ቅርጽ ይይዛል። የተለወጠው ሞልዱን የሚቀርጸው ነው። ድሮ ቀራጩ ከሥዕልና ከፎቶ ተነሥቶ በእጁ ነበር የሚሠራው። አሁን በሙዚየም የቆመ አውሮፕላን በሌዘር ተለክቶ በኮምፒውተር ይነደፋል፤ ስለ አፍንጫው ውፍረት የሚነሣው የድሮ ጭቅጭቅም በዚያው ይዘጋል። የላሜራዎቹን መጋጠሚያ የሚያሳዩት መስመሮች ድሮ ከፍ ብለው ይወጡ ነበር፤ አሁን ወደ ውስጥ ይቦረቦራሉ። ይህ እድገት ነው ቢባልም የሒሳብ ሰው ሳያጉረመርም አይቀርም፦ በ72 ልኬት 0.2 ሚሊ ሜትር የሰፋ መስመር በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ ከ14 ሚሊ ሜትር በላይ ክፍተት ነው። እንዲህ የተሠራ ስፒትፋየር በዝናብ አያበርሩትም።

ጠረጴዛው ላይ ምን ይደረጋል? ክፍሎቹ ከያዛቸው የፕላስቲክ ግንድ በመቁረጫ ይለቀቃሉ፤ ጠባሳቸው በምላጭ ይስተካከላል። የአብራሪው ክፍል አስቀድሞ ተሠርቶና ተቀብቶ ያልቃል፤ ሁለቱ የአካል ግማሾች ከተዘጉ በኋላ እጅ አይገባምና። የፕላስቲክ ሙጫ ከወረቀት ሙጫ ይለያል፤ ሁለቱን ጠርዞች አሟምቶ አንድ ያደርጋቸዋል። ግማሾቹን ገጥሞ ቀስ ብሎ ሲጫኑ ከመጋጠሚያው የቀለጠ ፕላስቲክ እንደ ቀጭን ክር ብቅ ይላል፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ሲታሽ መጋጠሚያው የነበረበት ይጠፋል። ክንፉ ከአካሉ በሚገናኝበት ሥር ግን ክፍተት አይቀርም፤ እዚያ ስቱኮ ይገባል፣ ይታሻል፣ ይቀባል፤ ቀለሙ የተደበቀውን ጭረት ሁሉ አጋልጦ ያሳያል፤ እንደገና ስቱኮ። የአብራሪውን ክፍል መስታወት በሱፐር ግሉ የሚለጥፍ ሰው በጭሱ ያደበዝዘዋል፤ የሚሻለው የአናጢ ኮላ ነው። ትንንሹን ነገር ሁሉ የሚይዘው ወረንጦ ነው፤ ከወረንጦ ተፈናጥሮ ምንጣፍ ላይ የወደቀ ክፍል የሚገኘው በባዶ እግር ሲረገጥ ነው።

የአንደኛው የዓለም ጦርነት ባለ ሁለት ክንፍ አውሮፕላኖች የራሳቸው ዓለም ናቸው። ክንፎቹን የሚወጥሩት ሽቦዎች በሙሉ መታየት አለባቸው። የድሮው ዘዴ የተጣለውን የፕላስቲክ ግንድ ሻማ ላይ አሙቆ ከሁለት ወገን መሳብ ነው፤ እንደ ፀጉር ይቀጥናል። አሁን የሚለጠጥ ክር ይሸጣል። የፊልም ዳይሬክተሩ ፒተር ጃክሰን ኒውዚላንድ ውስጥ ያቋቋመው ዊንግነት ዊንግስ ከ2009 ጀምሮ የዚያን ዘመን አውሮፕላኖች በ32 ልኬት እያወጣ መለኪያውን ከፍ አደረገ፤ በ2020 ተዘጋ። ጀርመኖች በጦርነቱ ማብቂያ ክንፍ ያለበሱበት ባለ ብዙ ማዕዘን ኅብረ ቀለም የታተመበት ጨርቅ በብሩሽ አይሞከርም፤ በውሃ ተነክሮ በሚለጠፍ ዲካል ነው የሚለበሰው።

ቀለም መቀባቱ ራሱ ጋራዥ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይደለም። ኤርብራሽ የመኪና ቀቢው ስፕሬይ ታናሽ ወንድም ነው፤ ኮምፕሬሰር፣ ቲነር፣ በወረቀት ፕላስተር መሸፈን፣ ሁሉም አለ። የእንግሊዙ ሃምብሮል በትንንሽ ጣሳ የሚሸጠው የዘይት ቀለም ለብዙ ዘመን የሙያው ሽታ ነበር፤ ዛሬ በውሃ የሚቀጥነው ቀለምና ናይትሮው ገበያውን ይሻሙበታል። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፦ ቀለሙ ከደረቀ በኋላ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ፣ ከዚያ ዲካሉ፣ ከዚያ የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ። የመጀመሪያውን ቫርኒሽ የዘለለ ሰው ሻካራው ቀለም ከዲካሉ ሥር አየር ያምቅበትና ምልክቱ ዙሪያ የብር ቅርፊት የመሰለ ነገር ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ መፍትሔው ልፋት ብቻ ነው።

የትኛው ቀለም? ዋናው ነገር ይህ ነው። የአሜሪካንና የእንግሊዝን መመዘኛ ቀለሞች የሚያሳዩ ሰነዶች አሉ፤ ሰነድ ግን ፋብሪካው ያዘዘውን እንጂ ፀሐይ ያደረገውን አይናገርም። ፎቶም ያታልላል። በአንደኛው ጦርነት ዘመን ተራው ፊልም ለቀይና ለቢጫ ዕውር ቢጤ ነበር፤ ቢጫው ጨለማ፣ ሰማያዊው ነጭ ሆኖ ይወጣል። እንዲህ ያለውን ፎቶ አይቶ «ይህ ክንፍ ጥቁር ነው» የሚል ሰው ምናልባት የሚያየው ቢጫ ነው። ዜሮ የተባለው የጃፓን ተዋጊ አውሮፕላን ግራጫ ነበር ወይስ ወደ ቢጫ አረንጓዴ የሚያደላ? በዚህ ስንት ሰው ተኳርፏል፤ ከወደቁ አውሮፕላኖች የተረፉ ቁርጥራጮችም ስላረጁ ለሁለቱም ወገን ይመሰክራሉ። የጀርመን ነገር ይብሳል። በ1944 የጀርመን አየር ሚኒስቴር 81፣ 82 እና 83 የተባሉ አዳዲስ ቀለሞችን ሲያውጅ የቀለም ናሙና ካርድ አላከለበትም። ፋብሪካዎቹ በቦምብ ተበታትነው፣ የቀረውን ቀለም ካለው ጋር እየደባለቁ ነበር የሚቀቡት። በ1945 የተሠራ ሜሰርሽሚትን አምሳያ «ቀለሙ ስሕተት ነው» የሚል ዳኛ ድፍረቱ ያስቀናል።

ሌላም አለ። ቀለሙ በትክክል ቢገኝ እንኳ ትንሽ ነገር ላይ ሲቀባ ጨልሞ ይታያል ብለው ጠብታ ነጭ የሚጨምሩ ብዙ ናቸው፤ እውነተኛውን አውሮፕላን ያንን ያህል አሳንሰን የምናየው ከሩቅ ነው፣ በመካከል ያለው አየርም ቀለም ያፈዛል ባይ ናቸው። እኔ ከእነዚህ ወገን ነኝ።

ማስረጀቱ ደግሞ ለብቻው ጦርነት ነው። በመስመሮቹ ውስጥ ቀጭን ጥቁር ቀለም ማፍሰስ፣ የጭስ ማውጫውን ጥላሸት መርጨት፣ የተላጠውን ቦታ በብር ቀለም መንካት የተለመደ ነው። የስፔን ሠሪዎች ብርሃንና ጥላን በቀለም የሚያጋንኑበት ስልት ከታንክ አምሳያ ተነሥቶ አውሮፕላኑንም ወረረው። ውበቱ አይካድም። ነገር ግን ብዙ ተዋጊ አውሮፕላን ተመትቶ እስኪወድቅ የኖረው ጥቂት ሳምንት ነው፤ ያን ሁሉ ጥላሸትና መላጥ መቼ አካበተው? በሌላ በኩል የጃፓን ጦር ሠራዊት ኪ-61 ተዋጊ በባዶ ብረት ላይ ሜዳ ውስጥ አረንጓዴ ተረጭቶበት ስለነበር በእርግጥም በቁራጭ በቁራጭ ይላጥ ነበር። መለያው የእያንዳንዱ አውሮፕላን ታሪክ ነው፤ ሁሉንም በአንድ ስልት የሚያስረጅ ሰው ስልቱን እንጂ አውሮፕላኑን አልሠራም።

እነዚህ ክርክሮች አደባባይ የሚወጡት በየትርኢቱ ነው። ዓለም አቀፉ የፕላስቲክ አምሳያ ሠሪዎች ማኅበር በ1963 እንግሊዝ ውስጥ ተመሠረተ፤ በየኖቬምበሩ ቴልፎርድ ከተማ የሚያዘጋጀው ትርኢት ከየአገሩ ሰው ይሰበስባል። የውድድር ዳኞች ግን ስለ ቀለም ብዙ አይናገሩም፤ ባትሪ አብርተው የሚፈልጉት ያልጠፋ መጋጠሚያና የተንጋደደ ጎማ ነው። ብልኅነት ነው፤ ስለ ጎማው ማረጋገጫ አለ።

ኢትዮጵያም ከዚህ ነገር ውጭ አይደለችም። በስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን መሪነት ቢሾፍቱ ላይ እንደገና የተደራጀው አየር ኃይል ከሳብ 17 ቦምብ ጣዮች ቀጥሎ በ1950ዎቹ ፌሪ ፋየርፍላይን በረረ። ይህ በጦርነቱ ዘመን ለአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ የተሠራ የእንግሊዝ ተዋጊ ነው። ከካናዳ ባሕር ኃይል የተገዙም ነበሩበት፤ በ1990ዎቹ ጥቂቶቹ ተፈልገው ወደ ካናዳ ተመለሱ። ከዚያ ኤፍ-86 ሴበርና ኤፍ-5 መጡ። የፋየርፍላይ አምሳያ በኤርፊክስም በቼኩ ስፔሻል ሆቢም ተሠርቷል፤ የሴበርና የኤፍ-5ማ ስንቱ ተቆጥሮ። በካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው ምልክት ግን ብዙውን ጊዜ የሌላ አገር ነው። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ክቡን ከነልኩ፣ የጭራውን ቁጥር፣ የአማርኛውን ጽሑፍ ከፎቶ እየቀዳ ማተም ያለበት ሠሪው ነው። ለዚህ ሥራ ከሙዚየም ይልቅ የሚጠቅመው በየቤቱ አልበም ውስጥ ያለ ፎቶ ነው፤ ቢሾፍቱ ሜዳ ላይ ክንፍ ተደግፎ የተነሣ መካኒክ፣ ከኋላው ግማሽ ቁጥር የሚታይ። እንዲህ ያለ ፎቶ ያለው ሰው ጀርባውንም ገልብጦ ይቅዳው፤ ዓመተ ምሕረቱ የሚጻፈው እዚያ ነው።