የመምህሩ ግብና የመማሪያው መሣሪያ፦ ሳንጃን ምሳሌ በማድረግ

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ አንድ መምህር በክፍሉ ውስጥ በቴክኖሎጂ ለማስተማር የሙያ ግብ ሲያወጣ፣ ግቡ ስለ ምን መሆን እንደሚገባው መግለጽ ነው። ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በዓመቱ መጀመሪያ የሚጻፈው ዕቅድ ብዙ ጊዜ «በዚህ ዓመት በቴሌቪዥን አስተምራለሁ» ወይም «ኮምፒዩተር እለማመዳለሁ» የሚል ይሆናል። በዓመቱ መጨረሻም የሚጠየቀው መሣሪያው ሠርቷል ወይስ አልሠራም የሚለው ብቻ ከሆነ፣ ተማሪው ከዚያ ሁሉ ድካም ምን እንዳተረፈ ሳይታወቅ ይቀራል። የዚህ ጽሑፍ ጸሐፊ አስተያየት፣ ግብ መጻፍ ያለበት ስለ መሣሪያው ሳይሆን ተማሪው ሊያደርገው ስለሚችለው ነገር ነው፤ ደግሞም መምህሩ በእጁ ባለው ነገር ሊፈጽመው የሚችል መሆን አለበት የሚል ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል ያስፈልጋል።

ለምሳሌ የተመረጠችው ሳንጃ ናት። ሳንጃ ከጎንደር በትክል ድንጋይ በኩል ወደ ሑመራ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የታች አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አገሩ ቆላ ስለሆነ ሙቀቱ ብርቱ ነው። ሕዝቡ ሰሊጥ፣ ማሽላና ጥጥ ያመርታል። የሰሊጡ አጨዳ የሚሆነው በመስከረምና በጥቅምት፣ ማለት ትምህርት ቤት በሚከፈትበት ወራት ስለሆነ፣ ለሥራ ወደ እርሻ የሚወርድ ተማሪ የዓመቱን የመጀመሪያ ትምህርቶች ሊያጣ ይችላል። እንግዲህ በእንደዚህ ያለ ስፍራ የሚያስተምር ሰው ስለ መሣሪያ ሲያስብ፣ የአዲስ አበባው መምህር የማይጠይቃቸውን አንዳንድ ጥያቄዎች መጠየቁ የግድ ነው።

መሣሪያ ወደ ክፍል ሲገባ ግቡን የሚያወጣው ማነው የሚለው ጥያቄ በአገራችን አዲስ አይደለም። ቴሌቪዥን በአዲስ አበባ በ1964 ከተጀመረ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ለትምህርት ቤቶች የሚሆን ፕሮግራም ይሰራጭ ጀመር። ከሁሉ የሚበልጠው ሙከራ ግን በ2004 የተጀመረውና ሕዝቡ «ፕላዝማ» ብሎ የሚጠራው ነው። በዚህ አሠራር የሒሳብ፣ የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪ፣ የባዮሎጂ፣ የእንግሊዝኛና የሌሎችም ትምህርቶች በሳተላይት አማካይነት ከአዲስ አበባ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይተላለፉ ነበር። በመጀመሪያው ጊዜ ትምህርቶቹ የተቀረጹት በደቡብ አፍሪካ ሲሆን፣ የሚነገሩት በእንግሊዝኛ ነበር። አሳቡ መልካም እንደ ነበረ መካድ አይገባም። በቂ ሥልጠና ያለው መምህር ባልነበረበት ዘመን፣ የቆላው ልጅ የከተማው ልጅ የሚያገኘውን ትምህርት በዚያው ሰዓት እንዲያገኝ የታሰበ ነው።

ይሁን እንጂ በሥራው ላይ የታየው ችግር ከዚሁ ከአሳቡ የመነጨ ነው። የክፍለ ጊዜው አብዛኛው ክፍል በስርጭቱ ስለሚያዝ፣ ለመምህሩ የሚቀሩት በመጀመሪያና በመጨረሻ ያሉ ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነበሩ። ስርጭቱ ያልገባውን ተማሪ አይጠብቅም፤ ጥያቄ ቢነሣ አይመልስም፤ መብራት ሲጠፋ ያመለጠው ትምህርት በዚያው አመለጠ ማለት ነው። ፍጥነቱም የእንግሊዝኛው አነጋገርም ለብዙ ተማሪዎች ከባድ እንደ ነበረ በጊዜው ጉዳዩን የመረመሩ ሰዎች ጽፈዋል። ከሁሉ ይልቅ ልናስተውለው የሚገባን፣ መምህሩ የራሱን ግብ የሚያወጣበት ቦታ ማጣቱን ነው። የዕለቱን ትምህርት፣ አካሄዱንና ምሳሌውን የሚወስነው ሌላ ሆነ፤ መምህሩ ግን በገዛ ክፍሉ ውስጥ ቆሞ የሚመለከት እንግዳ መሰለ።

በውጭ አገርም የታየው ከዚህ ብዙ አይለይም። ሪቻርድ ክላርክ የተባለው አሜሪካዊ የትምህርት መርማሪ በ1983 ባወጣው ጽሑፍ፣ መሣሪያ ትምህርትን የሚያመላልስ እንጂ በራሱ የትምህርቱን ፍሬ የሚለውጥ አይደለም ሲል፣ ምግብ ከሚያመላልስ የጭነት መኪና ጋር አመሳስሎታል። እህሉ በአህያ ቢመጣ ወይም በመኪና ቢመጣ የሚበላው ሰው የሚያገኘው ኃይል ያው ነው እንደ ማለት ነው። በፔሩ አገር መንግሥት በገጠር ላሉ ልጆች ትንንሽ ኮምፒዩተሮችን ባደለ ጊዜ፣ 319 ትምህርት ቤቶች ተመርምረው ውጤቱ በ2012 ታትሟል። ኮምፒዩተሩ ለልጆቹ ደርሷል፤ ቀድሞ ለ100 ተማሪ 12 የነበረው፣ በኋላ ለ100 ተማሪ 118 ሆኗል። ነገር ግን በሒሳብና በቋንቋ ፈተና ላይ ከ15 ወር ገደማ በኋላ ልዩነት አልተገኘም። የዕደላው ግብ መሣሪያውን ማድረስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሥራው ሙሉ በሙሉ ተፈጸመ ይባል ነበር። ግቡ የልጆቹ ዕውቀት ከሆነ ግን ሥራው ገና አልተጀመረም።

አሁን ወደ መምህሩ ዕቅድ እንመለስ። በአገራችን ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ የሚባል ሥርዓት አለ። በ2009 በወጣው መመሪያ መሠረት እያንዳንዱ መምህር በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት ለሙያው ማሻሻያ እንዲያውል ታዟል። አካሄዱም ዙር አለው፤ ይኸውም የጎደለውን መመርመር፣ ማቀድ፣ መሥራትና ውጤቱን መመዘን ነው። እንግዲህ የቴክኖሎጂ ግብ የሚጻፍበት ቦታ ይህ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) በ2018 ባሻሻለው ማዕቀፍ ደግሞ፣ በዚህ ረገድ ከመምህር የሚጠበቁ 18 ችሎታዎችን በሦስት ደረጃ ከፍሎ አቅርቧል። የመጀመሪያው ደረጃ ዕውቀትን መቅሰም፣ ሁለተኛው ዕውቀትን ማጥለቅ፣ ሦስተኛው ዕውቀትን መፍጠር ነው። ማዕቀፉ መምህሩ የት እንደ ቆመ ለማወቅ ይረዳዋል። ነገር ግን በሳንጃ ነገ ጠዋት በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ምን ማድረግ እንዳለበት አይነግረውም፤ ሊነግረውም አይችልም።

ይህን በምሳሌ ማየት ይሻላል። የሳንጃ አካባቢ በቢልሃርዚያ በሽታ የተጠቃ ነው። በ2014 የታተሙ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ በሳንጃ ከተሞከሩት የትምህርት ቤት ልጆች አብዛኞቹ የአንጀት ቢልሃርዚያ ትል ተገኝቶባቸዋል። በሽታውን የሚያመጣው ትል አኗኗሩ ዙር አለው። ዕንቁላሉ ከታመመው ሰው ሰገራ ጋር ወጥቶ ውኃ ውስጥ ሲገባ ይፈለፈላል፤ የተፈለፈለው እጭ ወደ ቀንድ አውጣ ገብቶ ይራባል፤ ከዚያ በብዛት ወጥቶ በውኃው ውስጥ የሚዋኝ፣ የሚታጠብ ወይም ልብስ የሚያጥብ ሰው ሲያገኝ ቆዳውን በስቶ ይገባል። ስለዚህ በዚህ አገር የትሉ ዙር ለፈተና ብቻ የሚሸመደድ ነገር አይደለም። በሙቀቱ ወራት ወደ ወንዝ የሚወርደው ተማሪ ራሱ የዙሩ አንድ ክፍል ነው።

አንድ የባዮሎጂ መምህር ስለዚህ ትምህርት «በዚህ ዓመት የባዮሎጂን ትምህርት በቴክኖሎጂ እደግፋለሁ» ብሎ ቢጽፍ፣ ግቡ መፈጸሙን ማንም ሊያውቅ አይችልም። በዚህ ፈንታ የሚከተለውን ጻፈ እንበል፦ «እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ በክፍሌ ካሉት 60 ተማሪዎች ቢያንስ 45ቱ መጽሐፍ ሳይመለከቱ የትሉን ዙር በሥዕል እንዲያሳዩ፣ ዙሩ የሚቆረጥባቸውንም ሁለት ስፍራዎች ከነምክንያታቸው እንዲያስረዱ አደርጋለሁ»። ቁጥሩ ለምሳሌ የተሰጠ ነው። በዚህ ግብ ውስጥ መሣሪያ ገና አልተጠራም። መሣሪያው የሚጠራው «ይህን ለማሳየት ጠመኔና ሰሌዳ የማይችሉት ምንድን ነው?» ተብሎ ከተጠየቀ በኋላ ነው።

መልሱም ሁለት ነው። አንደኛ፣ የትሉ እጭ በጣም ደቃቅ ስለሆነ፣ እንቅስቃሴውን በሰሌዳ ላይ መሣል አይቻልም። ሁለተኛ፣ አንድ ማይክሮስኮፕ ቢኖር 60 ተማሪ በየተራ ሲመለከት ክፍለ ጊዜው ያልቃል። እንግዲህ መምህሩ ተዘጋጅቶ የደረቀ ናሙና ቢያገኝ፣ የእጅ ስልኩን ካሜራ በማይክሮስኮፑ ዓይን ላይ አስጠግቶ ፎቶግራፍ በማንሣት ለሁሉም ሊያሳይ ይችላል፤ ወይም ወደ ጎንደር በወጣበት ጊዜ ስለ እጩ እንቅስቃሴ አጭር ፊልም በስልኩ ላይ ቀድቶ ሊመጣ ይችላል። ቀንድ አውጣ ፍለጋ ተማሪዎችን ወደ ወንዝ መላክ ግን ከቶ አይገባም፤ ልናድናቸው የምንሻውን ልጆች ለበሽታው አሳልፎ መስጠት ይሆናልና።

ግቡ ስለ ተማሪው የተጻፈ ስለሆነ፣ መሣሪያው ቢቀር ግቡ አብሮ አይቀርም። መብራት ቢጠፋ መምህሩ በማዳበሪያ ከረጢት ጀርባ ላይ አስቀድሞ የሣለውን የትሉን ዙር ይሰቅላል። ይህ ጥንቃቄ ከንቱ ሥጋት አይደለም። በመጋቢት 2020 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ ትምህርት በራዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም እንዲቀጥል ተሞክሮ ነበር፤ መሣሪያ የሌለው ተማሪ ግን ከዚያ ሁሉ ውጭ ሆኗል። በነሐሴ 2023 በአማራ ክልል ጦርነት ከተነሣ በኋላ ደግሞ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔትም ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። «በኢንተርኔት አስተምራለሁ» ብሎ የጻፈ መምህር በዚያን ጊዜ ግቡን አጣ። «ተማሪዎቼ ዙሩን እንዲያስረዱ አደርጋለሁ» ብሎ የጻፈው ግን፣ ክፍሉ ተከፍቶ ተማሪ እስካገኘ ድረስ፣ የሚሠራው ነገር ነበረው።

የተቀዳ ፊልም ከስርጭት የሚለይበት ሌላም ጥቅም አለው። ቆም አድርጎ ጥያቄ መቀበል፣ የራቀውን የእንግሊዝኛ ቃል በአማርኛ ማስረዳት፣ ከአጨዳ ዘግይተው ለመጡትም መልሶ ማሳየት ይቻላል። መሣሪያው በመምህሩ እጅ ሲሆን አካሄዱን የሚወስነው መምህሩ ነው። ምዘናውም ቀላል ነው፤ ከትምህርቱ በፊትና ከትምህርቱ በኋላ ተማሪዎቹ ዙሩን በወረቀት ላይ ይሣላሉ፤ መምህሩም ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ይመለከታል። ብዙዎቹ የቀንድ አውጣውን ክፍል ዘልለው ከሣሉ፣ የሚቀጥለው ጊዜ ዕቅድ በዚያ ላይ ይሆናል።

በዚህ አሳብ ላይ ሊነሡ የሚችሉ ሁለት ተቃውሞዎች አሉ። የመጀመሪያው፣ ኮምፒዩተርን ማወቅ ለዘመኑ ወጣት በራሱ ግብ ነው የሚል ነው። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን የኮምፒዩተር ትምህርትም ቢሆን ግቡ «ተማሪው ማመልከቻ ጽፎ ያስቀምጣል፤ መልሶም ያገኘዋል» ተብሎ ይጻፋል እንጂ «ክፍሉ ተከፍቶ ዋለ» ተብሎ አይደለም። ሁለተኛው፣ የበላይ ጽሕፈት ቤት የሚጠይቀው መሣሪያው ስንት ሰዓት እንደ ሠራ ነውና መምህሩ ምን ያድርግ የሚል ነው። ሪፖርቱ ሁለቱንም መስመር ሊይዝ ይችላል፤ ሰዓቱ በአንዱ፣ የተማሪው ሥራ በሌላው ይጻፋል። ሁለቱ አብረው ሲታዩ ብዙ ሰዓት የበላው ትንሽ ያፈራበት፣ ጥቂት ሰዓት የወሰደውም ብዙ ያፈራበት ጊዜ እንዳለ ጽሕፈት ቤቱም ሊያየው ይችላል።

ስለ ዋጋ ካነሣን የሌላ ሰው ሥራ መጥቀስ ይገባል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በአድዋ ስለ ቢልሃርዚያ ሲመረምሩ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ተመለከቱ። እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል የታወቀው ከዚያ ነው። ግኝቱ ከውድ መሣሪያ አልጀመረም፤ የሚፈልገውን ከሚያውቅ ዓይን ጀመረ። ቤተ ሙከራው የመጣው በኋላ፣ ዓይን ያየውን ለማረጋገጥ ነው።

ከእኛ ከተማሪዎቹ ብዙዎቻችን ተመርቀን ወደ ሳንጃና ወደ መሰሎቿ ከተሞች በመምህርነት የምንሄድ ነን። የመጀመሪያ ዓመት ዕቅዳችንን ስንጽፍ የመሣሪያውን ስም ከመጥራታችን በፊት ተማሪው በመጨረሻ ምን ማድረግ እንዲችል እንደምንሻ፣ በምን እንደምናውቀው፣ መብራት ሲጠፋም በምን እንደምንተካው ብንጽፍ ይበጃል። በቆላው ያሉ ትምህርት ቤቶች እንዲህ ያሉ ግቦችን አውጥተው ለአንድ ዓመት ውጤቱን ቢመዘግቡ፣ መዝገቡ ለዚህ መጽሔት ወደፊት ጥሩ የምርምር ጉዳይ ይሆናል። መምህራኖቻችንም በዚህ ረገድ እንዲመሩን እንጠይቃለን።