ለአዲስ ሥራ የፕሮግራም መሥሪያን ስለ ማጽዳት

አዲስ ጭነት ከመግባቱ አስቀድሞ መጋዘን ይጠረጋል፤ ያደረውም ዕቃ ይቈጠራል። የሱቅ ሒሳብ የሚያዝበትን የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚያሻሽለው ባለሙያም እንደዚሁ ሊያደርግ ይገባዋል። ያልተፈጸመ የቀድሞ ሥራ በኮምፒዩተሩ ላይ ካደረ፥ ከአዲሱ ጋራ ተደባልቆ ወደ መደብሩ ይገባል፤ በደረሰኝ ላይ ዋጋ ቢሳሳት ጥፋቱ ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ያስቸግራል።

አብዛኞቹ ባለሙያዎች ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1997 ዓ.ም. የጀመረውን «ጊት» የተባለውን የለውጥ መዝገብ ይጠቀማሉ። «ጊት ስታተስ» የሚለው ትእዛዝ የተለወጠውንና ገና ያልተመዘገበውን ያሳያል። «ጊት ስታሽ» ጅምሩን ለጊዜው ያስቀምጣል፤ ከቶ ያልተመዘገበውን አዲስ ፋይል ግን ተለይቶ ካልታዘዘ አይጨምርም።

የሚያሠጋው «ጊት ክሊን» ነው። ይህ ትእዛዝ ያልተመዘገበውን ይሰርዛል፤ መዝገቡ ያላወቀውን ደግሞ መዝገቡ ሊመልሰው አይችልም። የይለፍ ቃል የተጻፈበት ፋይል በልማድ ከመዝገብ ውጭ ይቀመጣል (ይህስ ደግ ነው)፤ ነገር ግን «ኤክስ» የተባለው ምልክት በትእዛዙ ላይ ሲጨመር እርሱም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ባለሙያው መጀመሪያ «ኤን» የተባለውን ምልክት ጨምሮ፥ ምንም ሳይሰረዝ፥ የሚሰረዘውን ዝርዝር ያነባል፤ የሚፈለገውንም ወደ ሌላ ቦታ ይገለብጣል። ከውጭ የተወሰዱት አጋዥ ፕሮግራሞች ግን ትክክለኛ ዓይነታቸው በመዝገቡ ተጽፎ እስካለ ድረስ፥ ቢሰረዙም እንደገና ይወርዳሉ።