የክርን ሕመም በማጭድና በእንዝርት እጅ



በሕክምናው ዓለም «ቴኒስ ኤልቦ» የሚባል የክርን ሕመም አለ። ስሙን የሰማ ሰው የባለ ጸጎች በሽታ ሊመስለው ይችላል። ይሁን እንጂ ጀርመናዊው ሐኪም ሩንገ በ1873 እ.ኤ.አ. ሕመሙን ሲገልጸው ከብዙ መጻፍ ጋር አያይዞት እንጂ ከጨዋታ ጋር አልነበረም። በእኛ አገርስ ራኬት የጨበጠ ስንት ሰው አለ? ማጭድ፣ እንዝርትና ዘነዘና የጨበጠ ግን በየቤቱ አለ።

መንዝ ጓሳን እንውሰድ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በላይ የሆነው ይህ ደጋ የሚታወቀው በጓሳ ሣሩ ነው። ሕዝቡ «ቄሮ» በተባለው ሥርዓት ለብዙ ዘመን ጠብቆታል፤ ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ቢቀርም ዛሬም ጥበቃው በኅብረተሰቡ እጅ ነው። ሣሩ ለዓመታት ተከልሎ ይቆይና ሲፈቀድ ይታጨዳል፤ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል። ያን ሰሞን ማጭድ ከእጅ አይወርድም። ቤት ውስጥ ደግሞ የመንዝ በግ ጸጉር ለባና ይፈተላል። እንዲህ ያለችን እናት «እጅሽን አሳርፊ» ብሎ መሸኘት ምክር አይባልም፤ ጣሪያው ሳይከደን ክረምት ይገባባታልና።

ሕመሙ ምንድን ነው? አንጓንና ጣቶችን ወደ ላይ የሚያቀኑት የክንድ ጡንቻዎች በክርን ውጫዊ ጎን ካለችው የአጥንት ጉብታ ጋር በጅማት ተያይዘዋል። ዕቃ አጥብቀን በጨበጥን ቁጥር ይህ ጅማት ይወጠራል። ጭበጣው ያለ ዕረፍት ሲደጋገም የጅማቱ ክሮች ይጎዳሉ፣ ለመጠገንም ጊዜ ያጣሉ። በብዛት የሚታየው ከ35 እስከ 55 ዓመት ባሉ ሰዎች ነው። ምልክቱም ጀበና ሲያነሱ፣ ልብስ ሲጨምቁ፣ የውዱእ ማንቆርቆሪያ ሲያዘነብሉ ወይም ከሱጁድ በእጅ ተደግፈው ሲነሱ ክርን ላይ የሚሰማ ውጋት ነው። ክንድዎን ዘርግተው፣ መዳፍዎን ወደ መሬት አድርገው የመሐል ጣትዎን ወደ ላይ ያንሱ፤ ሌላ ሰው ጣቱን ወደ ታች ሲጫን ክርንዎ በውጭ በኩል ከወጋዎ ይኸው ሕመም ሊሆን ይችላል።

ብዙዎች «ጅማቴ ዞረ» ብለው ወደ ወጌሻ ይሄዳሉ። የዞረ ነገር የለም፤ የታመመን ጅማት አጥብቆ ማሸትም ያባብሰዋል።

ፋርማሲ መጥተው «መርፌ ካልተወጋሁ አይሻለኝም» የሚሉም አያሌ ናቸው። ክርን ላይ የሚወጋው የኮርቲዞን መርፌ ለጥቂት ሳምንታት በእርግጥ ያስታግሳል። ነገር ግን በ2006 እና በ2013 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ ተሠርተው የወጡ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ በዓመቱ ሲታዩ የተወጉት ካልተወጉት የባሰ ውጤት ነበራቸው፤ ሕመሙም ይበልጥ አገርሽቶባቸዋል። የስኳር ሕመምተኛ ከሆኑ ደግሞ ስኳሩን ከፍ ያደርገዋል።

ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሕመሙን ለጥቂት ቀናት ያቀላሉ እንጂ ጅማቱን አይጠግኑም። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት፣ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ሐኪም ሳያማክር አይውሰድ። በረመዳን አንዳንዶች በተምርና በውሃ ብቻ እንዳፈጠሩ ክኒኑን ይውጡታል፤ ይህ ለጨጓራ ክፉ ነው። ምግብ ከተበላ በኋላ ይሁን፣ ሌሊቱንም ውሃ በደንብ ይጠጡ። የሚቀባው የዲክሎፌናክ ጄል ለጨጓራ ይሻላል።

ትልቁ ሕክምና ርካሹ ነው፤ ምናልባት የሚናቀውም ለዚህ ይሆናል። ክንድዎን ጠረጴዛ ላይ አስደግፈው፣ እጅዎ ከጠርዙ አልፎ፣ መዳፍዎ ወደ ታች ይሁን። ውሃ የተሞላ የግማሽ ሊትር ፕላስቲክ ይያዙ። በሌላኛው እጅዎ እያገዙ አንጓዎን ወደ ላይ ያንሱ፤ ከዚያ እገዛውን ለቀው እስከ አምስት እየቆጠሩ በዝግታ ያውርዱት። ከ10 እስከ 15 ጊዜ ይድገሙ፣ በቀን ሦስት ዙር። ከከበደዎ ውሃውን ይቀንሱ። መጠነኛ ሕመም አያስፈራም፤ በማግስቱ ብሶ ካደረ ግን በዝቷል ማለት ነው። ለውጡ የሚታየው ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ነውና በሳምንቱ ተስፋ አይቁረጡ። አብዛኛው ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ ይድናል።

ሥራውን መተው ካልተቻለ አያያዙን እንለውጥ። ማጭዱ የተሳለ ይሁን፤ የደነዘ ማጭድ ክንድን ይፈጃል። እጀታው ቀጭን ከሆነ ጨርቅ ይጠምጥሙበት፣ ጠበቅ አድርጎ መጨበጥን ያስቀራል። እንስራና ባልዲ በሁለት እጅ፣ መዳፍን ወደ ላይ አድርጎ ማንሳት ይቀላል። ፈትሉንም ሆነ አጨዳውን እያቋረጡ ይሥሩ።

ክርኑ ካበጠ፣ ከቀላና ትኩሳት ካለ፣ ጣቶች ከደነዘዙ፣ ወይም ከወደቁ በኋላ ክንድ አልታጠፍ ካለ ይህ ሌላ ጉዳይ ነውና መሐል ሜዳ ሆስፒታል ወይም በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ተቋም ይሂዱ። ከደረት ውጋት ጋር የመጣ የክንድ ሕመም ከሆነ ደግሞ ያኔውኑ።